የሥዕል ፊልም መንገዶችና ተሳላሚዎቻቸው

አንድ ተውኔት ለመድረክ ሲሰናዳ የመድረክ ሠዓሊው መንገድ ይሥላል፤ ሱቅ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የድንጋይ ደረጃ ይሥላል። ትርኢቱ ሲያበቃ ሸራው ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ወደ አዘጋጁ ቀርቦ፣ «ያ ደረጃ የሚገኘው የት ነው? ሄጄ ልቁምበት» የሚል ተመልካች በቴአትር ቤት ታሪክ እምብዛም አይታወቅም። አኒሜ እየተባለ በሚጠራው በጃፓን የሥዕል ፊልም ዙሪያ ግን ይህን የሚጠይቀው ተመልካች በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሆኗል። ጠያቂው መልሱን ካገኘ በኋላም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጓዙን ይሸከማል፤ ባቡር ይሳፈራል፤ ከሥዕሉ ጋር የሚገጥመውን ማእዘን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይራመዳል። የዚህ ልማድ ታሪክ ላይ ላዩን ሲታይ የወጣቶች ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ጥበብ ከቦታ ጋር ስላላት ዝምድና የሚነግረን ብዙ ነገር አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቶኪዮ ከተማ ዮትሱያ በሚባለው ሰፈር፣ በሱጋ መቅደስ አጠገብ አንድ ደረጃ አለ። ቀይ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የሚወርድ፣ ለሰፈሩ ሰው ከቤት መውጫና ወደ ቤት መመለሻ ከመሆን ያለፈ ትርጉም ያልነበረው ደረጃ ነው። በ2016 ማኮቶ ሺንካይ «ኪሚ ኖ ና ዋ» የተሰኘውን ፊልሙን ለሕዝብ ሲያቀርብ የታሪኩን ሁለት ወጣቶች በመጨረሻ ያገናኛቸው በዚህ ደረጃ ላይ ነበር። (ርእሱን «ስምህስ?» ወይም «ስምሽስ?» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን፤ የጃፓንኛው ተውላጠ ስም ጾታ ስለማይለይ አማርኛው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ወንዱና ሴቷ አካል ለሚለዋወጡበት ታሪክ ጾታ የሌለው ርእስ ምን ያህል እንደተስማማው ልብ ይሏል።) ፊልሙ በጃፓን ብቻ ወደ 25 ቢሊዮን የን አስገባ። ከዚያ ወዲህ ያ ደረጃ የብዙ እንግዶች መዳረሻ ሆኗል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቆማሉ፤ ዘወር ይላሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ተራ ለሚጠብቁትም ቦታውን ይለቃሉ።

ጃፓኖች ይህን ጉዞ «ሴይቺ ጁንሬይ» ይሉታል። «ሴይቺ» ቅዱስ ቦታ፣ «ጁንሬይ» ደግሞ ከመቅደስ ወደ መቅደስ እየተዘዋወሩ መሳለም ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ መጀመሪያ የቀልድ ቃና ነበረበት፤ ውሎ ሲያድር ግን ቀልዱ እየሳሳ ሄደ። በ2016 ይኸው አባባል በዓመቱ ከገነኑት ዐሥር አዳዲስ አባባሎች መካከል ተመረጠ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአኒሜ ቱሪዝም ማኅበርም ለጎብኚ የሚመከሩ 88 ቦታዎችን ለመምረጥ ተነሣ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ በሺኮኩ ደሴት ከመነኩሴው ከኩካይ ስም ጋር ተያይዘው የሚታወቁት፣ ምእመናን ለብዙ ዘመናት ሲዞሯቸው የኖሩት የቡድሃ መቅደሶች 88 ናቸው። የእኛው «መሳለም» የሚለው ቃል ለነገሩ የተመቸ ይመስለኛል። ተሳላሚ ከርቀት ዐይቶ አይመለስም፤ ደጃፉን ይስማል፤ ግንቡን በግንባሩ ይነካል። የአኒሜ ተሳላሚም እንዲሁ ነው። ፎቶግራፉማ ቤቱ ተቀምጦ ሊያገኘው የሚችለው ነገር ነው፤ የሚፈልገው እግሩን በቦታው ላይ ማሳረፍ ነው።

ለመሆኑ በእጅ የሚሣል ፊልም እውነተኛ መንገድ ምን ያደርግለታል? ሠዓሊው የፈለገውን ከተማ ከልቡ አፍልቆ መፍጠር ይችል የለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ 1973 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት ኢሳኦ ታካሃታ፣ ሃያዎ ሚያዛኪና ዮይቺ ኮታቤ የተባሉ ሦስት የጥበብ ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጃፓን ወደ ስዊዘርላንድ ተጓዙ። የጉዟቸው ምክንያት ከዮሐና ስፒሪ ልብ ወለድ የሚወሰድ የልጆች የቴሌቪዥን ተከታታይ ነበር። በማየንፌልድ አካባቢ እየተዘዋወሩ የእንጨቱን ቤት አሠራር፣ የግጦሹን ቁልቁለት፣ ብርሃኑ በተራራው ላይ የሚያርፍበትን ሁኔታ አጠኑ። ከጥር 1974 ጀምሮ «ሃይዲ» በ52 ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ታየ። ታካሃታ መራው፤ ኮታቤ ገጸ ባሕርያቱን ነደፈ፤ ሚያዛኪ ደግሞ የየትዕይንቱን አቀማመጥ፣ ማለት ሰው የት እንደሚቆም፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ከመስኮቱ ምን እንደሚታይ የሚወስነውን ንድፍ በየክፍሉ ሠራ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ግድ በሆነበት፣ ገንዘቡም ጠባብ በነበረበት የቴሌቪዥን ሥራ፣ ለልጆች ሥዕል ተብሎ ውቅያኖስ መሻገር ያልተለመደ ድፍረት ነበር።

ድፍረቱ ያስገኘው ፍሬ ምንድን ነው? የፊልም ካሜራ በአንድ ጎዳና ላይ ሲቆም የመብራቱ ምሰሶ፣ የተቀደደው ማስታወቂያ፣ ከግንብ ላይ የተኛችው ድመት ሳይጠሩ ይገባሉ። በሥዕል ፊልም ውስጥ ግን ሳይጠራ የሚገባ ነገር የለም። ምሰሶው ካለ ይኑር ያለ ሰው አለ፤ ሽቦው ከረገበ ረግቦ ያየው ሰው አለ። ስለዚህ ተመልካቹ ወደዚያ መንገድ ሲሄድ የሚጎበኘው ምሰሶውን ብቻ አይደለም፤ ምሰሶውን ተመልክቶ «ይህ ይሣል» ያለውን ዐይን ጭምር ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ልማድ ሥር እዚህ ላይ ይገኛል። የማስታወቂያ ብልሃት ኋላ የመጣ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «መቼት» የምንለው ቃል «መቼ»ንና «የት»ን አጣምሮ የተሠራ ነው። ለተሳላሚው ችግር ይህ ቃል ጥሩ መፍቻ ይሆናል። የሥዕል ፊልም ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያትማቸዋል፤ የሚሄደው ሰው ግን በባቡር የሚደርሰው ወደ «የት» ብቻ ነው፤ «መቼ» በዚያ ቆሞ አይጠብቀውም። በ1995 የወጣው፣ ዮሺፉሚ ኮንዶ ያዘጋጀው «ሚሚ ዎ ሱማሴባ» የተሰኘው ፊልም በምዕራብ ቶኪዮ የሚገኘውን የሴይሴኪ ሳኩራጋኦካን ኮረብታማ ሰፈር መነሻ አድርጎ የተሣለ ነው። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠመዝማዛውን ዳገት ያገኘዋል። በዳገቱ ላይ መጽሐፍ ታቅፋ የምትወጣዋ የ1990ዎቹ ተማሪ ግን አልፋለች፤ ኮንዶ ራሱም በ1998 ዐርፏል።

እስከዚህ ዘመን ድረስ ጉዞው የጥቂት አፍቃሪዎች ጉዳይ ነበር። ከተማን የሚያናውጥ ኀይል መሆኑ የታየው በ2007፣ በሳይታማ ክፍለ ሀገር ዋሺሚያ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ እስከ መስከረም «ላኪ ስታር» የተባለ፣ ስለ ሴት ተማሪዎች የዕለት ተዕለት ወሬ የሚያወራ፣ ሴራ የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ተከታታይ በቴሌቪዥን ታየ። ከገጸ ባሕርያቱ ሁለቱ እኅትማማቾች የመቅደስ አገልጋይ ልጆች ናቸው፤ ቤታቸውም በዋሺኖሚያ መቅደስ አምሳል የተሣለ ነበር። በዚያው ክረምት አንድ የአኒሜ መጽሔት የቦታዎቹን ዝርዝር ሲያትም ካሜራ ያነገቱ ወጣቶች ወደ መቅደሱ ይጎርፉ ጀመር። ምእመናን የልመና ቃላቸውን በሚጽፉበት የእንጨት ጽላት ላይ የፊልሙን ልጃገረዶች እየሣሉ ሰቀሉ።

የከተማይቱ ሰዎች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግን ብልህነታቸውን ይመሰክራል። የአካባቢው የንግድ ማኅበር ሰዎች ወጣቶቹን ቀርበው፣ ምን ቢደረግላቸው እንደሚወዱ ጠየቋቸው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 በተደረገው የመጀመሪያ ዝግጅት 3,500 ያህል ሰው ተገኘ። በጽላቱ አምሳል የተሠሩ ትናንሽ የስልክ ማንጠልጠያዎች ሲሸጡ ሁሉም ዐይነት በአንድ ሱቅ እንዳይገኝ ተደረገ፤ አንዱ ከልብስ ሰፊው፣ ሌላው ከጣፋጭ ሻጩ ዘንድ ነው። እንግዳው ሁሉንም ለማግኘት ከተማዋን በእግሩ ማዳረስ፣ ከባለሱቆቹም ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ነበረበት። በ2008 የዘመን መለወጫ በዓል መቅደሱን የተሳለመው ሕዝብ 300,000 ደረሰ፤ ይህም ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ነበር። በ2011 ደግሞ 470,000 ሆነ። የከተማው አስተዳደር በፊልሙ ውስጥ ላለው ቤተሰብ የነዋሪነት ወረቀት አወጣ። በመስከረም 2008 በሀጂ በዓል ላይ ወንዶች በትከሻቸው ተሸክመው ከሚያዞሯቸው ታቦት መሰል መንበሮች ጎን የልጃገረዶቹ ሥዕል ያለበት መንበር ወጣ፤ የተሸከሙትም ከየአገሩ የመጡት ወጣቶች ነበሩ።

በዚህ ላይ ያፌዙ አልጠፉም። ጥንታዊ መቅደስ በካርቱን ተዋረደ ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ፌዙ ቸኩሏል እላለሁ። በበዓሉ ላይ ሸክሙን የሚሸከም ትከሻ በየጊዜው ይቀንስ በነበረባት ከተማ ትከሻውን ያመጣው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በነሐሴ 2018 በመግቢያው የቆመውና በፊልሙ ውስጥ የታየው የእንጨት ደጅ አርጅቶ ወደቀ፤ በታኅሣሥ 2021 አዲሱ ተተከለ። እነሆ አሁን ሥዕሉ የሚያሳየው የወደቀውን ደጅ ነው።

የሠዓሊዎቹን ዕጣ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። «ላኪ ስታር»ን የሠራው የኪዮቶ አኒሜሽን ድርጅት በሐምሌ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው ሆን ብሎ በለኰሰው እሳት ሲቃጠል 36 ሠራተኞች ሞቱ። ከእነዚህ አንዱ የ«ላኪ ስታር»ን አብዛኛውን ክፍል ያዘጋጀው ያሱሂሮ ታኬሞቶ ነበር።

ይኸው ድርጅት በ2009 «ኬይ-ኦን» የተሰኘ ሌላ ተከታታይ ሠርቶ ነበር። የተማሪዎቹ ትምህርት ቤት አምሳሉን የወሰደው በሺጋ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው ከቀድሞው የቶዮሳቶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሕንፃው ታሪክ ለብቻው ተውኔት ይወጣዋል። በ1937 በነጋዴው በቴጹጂሮ ፉሩካዋ ስጦታ ለትውልድ መንደሩ ተሠራ፤ ንድፉን ያወጣው ከአሜሪካ መጥቶ በጃፓን የኖረው ዊሊያም ሜሬል ቮሪስ ነው። በደረጃው መደገፊያ ላይ ከነሐስ የተሠሩ ኤሊና ጥንቸል ከታች ጀምሮ እየተሽቀዳደሙ ይወጣሉ፤ ጥንቸሏ እመካከል ላይ ትተኛለች፤ ኤሊዋ ከላይ ትደርሳለች። ሕፃኑ ተረቱን በየቀኑ በእጁ እየዳሰሰ ወደ ክፍሉ ይወጣ ነበር። በ2002 የከተማው ሹም ሕንፃውን ለማፍረስ ቈረጠ። ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ቆመው ማገጃ አገኙ፤ ማገጃው ሳይከበር መስኮቶች መሰበር ሲጀምሩ ሰዎች በአፍራሾቹ ፊት ቆሙ። ሹሙ በ2003 በሕዝብ ድምፅ ተሻረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተደረገው ምርጫ ደግሞ ያው ሰው እንደገና ተመረጠ። የሕዝብ ልብ እንዲህ ነው! ሕንፃው ግን ተረፈ፤ በ2009 ታድሶ ተከፈተ፤ በ2013 በመንግሥት የቅርስ መዝገብ ገባ። ያዳኑት የአኒሜ አፍቃሪዎች አይደሉም፤ ያዳኑት ቀድመው በመስኮቱ ፊት የቆሙት ነዋሪዎች ናቸው። አፍቃሪዎቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ባዶ ሊቀር ይችል የነበረውን ቤት በእግር ድምፅ ሞሉት።

ሁሉም መንገድ በእንግዳ አይጠቀምም። በካማኩራ፣ ባሕሩን ተጎራብታ በምትሄደው በኤኖደን ባቡር መሥመር ላይ አንድ የሐዲድ ማቋረጫ አለ። ከ1993 እስከ 1996 በታየው «ስላም ደንክ» በተሰኘው የቅርጫት ኳስ ተከታታይ መክፈቻ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይታያል። በታኅሣሥ 2022 አዲሱ ፊልም ከወጣ ወዲህ ከእስያ አገሮች ሁሉ የሚመጣው ጎብኚ ከእግረኛ መንገዱ ተርፎ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ፤ ሥርዓት የሚያስከብሩ ጠባቂዎችን ማቆም ግድ ሆነ። ነዋሪው በራፉ ላይ ያለው መንገድ የእርሱ መሆኑ ቀርቶ የሌሎች ትዝታ ሆነበት። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ትዝታ ቀረጥ አይከፍልም፤ ቆሻሻውንም አያነሣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ያለው በሂሮሺማ ነው።

በ2016፣ ሺንካይ በቶኪዮው ደረጃ ገበያውን ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ ሱናዎ ካታቡቺ «በዚህች የዓለም ማእዘን» ሊባል የሚችል ፊልም በኅዳር ወር አወጣ። መነሻው የሂሮሺማ ተወላጅ የሆነችው ፉሚዮ ኮኖ የሣለችው ተከታታይ የሥዕል መጽሐፍ ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ስላልተገኘ በ2015 ለሕዝብ ጥሪ ቀርቦ ከ3,300 በላይ ሰዎች ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የን አዋጡ። ታሪኩ ሥዕል የምትወድ ሱዙ የተባለች ልጅ በ1944 የባሕር ኀይል ከተማ ወደሆነችው ወደ ኩሬ ተድራ በጦርነቱ ውስጥ የምታሳልፈውን ኑሮ የሚተርክ ነው። ካታቡቺ የየዕለቱን የአየር ሁኔታና የአደጋ ደወል የተሰማበትን ሰዓት ሳይቀር ከሰነድ እያመሳከረ ሠራ።

ፊልሙ የሚከፈተው በ1933 መገባደጃ ነው። ሕፃኗ ሱዙ የባሕር ሣር ልታደርስ በጀልባ ወደ ናካጂማ ሆንማቺ ትሄዳለች። ናካጂማ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ፣ ሱቅና መዝናኛ የሞላበት የከተማው እምብርት ነበር። የአበባ ቅርጽ ያላቸው የመንገድ መብራቶች፣ የገና ጌጥ የተደረደረባቸው መደብሮች፣ የሚተላለፈው ሕዝብ ይታያል። ሱዙ ሸክሟን ለማስተካከል ከአንድ የኪሞኖ መደብር ግድግዳ ትጠጋለች። ከዚህ ትዕይንት ጥቂት ሴኮንዶች በስተጀርባ የዓመታት ድካም አለ። ምክንያቱም ሄዶ የሚነደፍ መንገድ አልነበረም።

ነሐሴ 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ የአቶም ቦምቡ ከዚህ ሰፈር አጠገብ፣ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። ከ4,000 በላይ ሰው ይኖርበት የነበረው የናካጂማ አካባቢ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በ1949 በተደረገው ውድድር የኬንዞ ታንጌ ንድፍ አሸነፈ፤ በፍርስራሹ ላይ አፈር ተነጥፎ የሰላም መታሰቢያ መናፈሻው በ1954 ተጠናቀቀ። ዛፉና ሣሩ ያማረ ነው። ብዙ ጎብኚ ቦታው ከጥንት ጀምሮ መናፈሻ የነበረ ይመስለዋል፤ ቦምቡ የወደቀው በባዶ ሜዳ ላይ ነው ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። መታሰቢያው ራሱ ሳይታወቀው የሰፈሩን መኖር ይሸፍናል።

ካታቡቺና ባልደረቦቹ ይህን ሽፋን ማንሣት ነበረባቸው። ከፎቶግራፍ ፎቶግራፍ እያስተያዩ፣ የተረፉ ሰዎችን እየጠየቁ፣ የሱቁ ምልክት በየት በኩል እንደነበር፣ መጋረጃው እስከምን ይወርድ እንደነበር እያረሙ ሣሉ። ሥዕሉን ያዩ አረጋውያን «እዚህ ጋ እንዲህ አልነበረም» ሲሉ ሥዕሉ ይፋቃል፤ እንደገና ይሣላል። በዚህ ሥራ ላይ የሥዕል ፊልም ከካሜራ የሚበልጥበት ጉዳይ ታየ። ካሜራ የጠፋውን ሊያነሣ አይችልም፤ እጅ ግን የሚያስታውስ አፍ እስካለ ድረስ ይችላል። በሌላው ከተማ ተሳላሚው «የት»ን አግኝቶ «መቼ»ን ያጣል። ወደ ናካጂማ የሚመጣው ሁለቱንም ያጣል፤ ሁለቱም የቀሩት በፊልሙ ውስጥ ነው።

ይሁንና አንድ ግድግዳ ቆሟል። ሱዙ የተጠጋችበት የታይሾያ ኪሞኖ መደብር በ1929 በአርማታ የተሠራ ነበርና አልፈረሰም። በጦርነቱ ጊዜ የማገዶና የነዳጅ ማከፋፈያ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆኖ ነበር። ፍንዳታው ከ170 ሜትር ርቀት ሲደርስ በውስጡ 37 ሰዎች ነበሩ፤ ሰነድ ፍለጋ ወደ ምድር ቤት የወረደ አንድ ሠራተኛ ተርፎ እስከ 1982 ኖረ። ሕንፃው ዛሬ የጎብኚዎች ማረፊያ ነው፤ ታድሶ በሐምሌ 2020 ሲከፈት ስለ ጠፋው ሰፈር የሚያሳይ ክፍል ተሰናዳበት። ከደጁ ቆሞ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ የማይታይ ሸክም እንደሚያስተካክል ሰው ጐንበስ ብሎ ፎቶግራፍ የሚነሣ ወጣት ያየ መንገደኛ ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ፊልሙን ያየ ግን አይስቅበትም።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በመናፈሻው ውስጥ፣ በመጋቢት 2022 አንድ አነስተኛ የማሳያ ቤት ተከፈተ። አፈሩ ተቈፍሮ የቀድሞው የቴንጂንማቺ ሰፈር መንገድና የመኖሪያ ቤቶች መሠረት፣ የከሰለው የወለል ምንጣፍም ጭምር በነበረበት ይታያል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሊነጋገሩበት የሚችሉ ዐይነት።

በናካጂማ ሆንማቺ አንድ የጸጉር አስተካካይ ቤት ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ በዚያን ቀን ከከተማው ውጭ ስለነበር ተረፈ፤ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና እኅቱ አልተገኙም። ፊልሙ ሲሠራ ካታቡቺ ይህን ሰው አግኝቶ የሱቁን መልክ ጠየቀው፤ ሰውየውም በእጁ የቀሩትን ፎቶግራፎች እያሳየ ነገረው። ሕፃኗ ሱዙ በመንገዱ ስታልፍ የጸጉር ቤቱ በስተጀርባዋ ይታያል፤ ከደጁም ቤተሰቡ ቆሟል።